የቤት ቁጥር 614 ነዋሪዎች

በወረዳው መዝገብ ላይ በቤት ቁጥር 614 ሦስት ሰዎች ይኖራሉ። ሁለቱ ከቤቱ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል፤ ሦስተኛዋ እሑድ ጠዋት ሞተው ተገኙ። በቤቱ በእርግጥ የምትኖር አራተኛ ሰው ነበረች፤ የእሷ ስም መዝገቡ ላይ የለም። ፖሊስ የያዘው ግን እሷን ነው።

ኢንስፔክተር ሩታ ይህን ሁሉ የሰማችው የቀጨኔን ቁልቁለት በእግሯ እየወረደች ከሳጅን ሙሐዲን አፍ ነው። መኪናው ከመንገዱ አፍ ማለፍ አልቻለም።

«ልጅቷን ለምን አሰራችኋት?»

«ጣቢያው ነው ያሰራት፤ እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ?» አለ ሙሐዲን። «ሬሳውን ያገኘችው እሷ፣ መስኮቱን የከፈተችው እሷ፣ የከሰል ምድጃውን ወደ ውጭ ያወጣችው እሷ። ማስረጃውን ሁሉ አበላሽታለች ነው የሚሉት።»

«የከሰል ጭስ ያለበት ቤት ብትገባ አንተ ምን ታደርጋለህ?»

«እኔማ እሮጣለሁ።»

«እንግዲያው ከአንተ ትሻላለች።»

ቤቱ አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድ ቤት ነው። ወይዘሮ የዓለምወርቅ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ጋቢው እስከ አንገታቸው ተስቦ ተስተካክሏል። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። አርባውን ዓመት ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ ሲፈትሉ ነው የኖሩት። የተፈተለው ድር አሁንም ጥግ ላይ በቅርጫት ተቀምጧል።

ሩታ አጎንብሳ ፊታቸውን አየች። ባለፈው ክረምት ብቻ በከሰል ጭስ የሞቱ ሦስት ሰዎች አይታለች፤ ሦስቱም ፊታቸው ቀልቶ፣ ጤነኛ ሆኖ የተኛ ሰው መስለው ነበር። የእኒህ ሴት ፊት ግን አልቀላም። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ቀጥላ እጃቸውን አነሣች። የፈታይ ጣት ነው፤ ረጅም፣ ጫፉ የለሰለሰ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ዙሪያ ላይ አንድ ወይን ጠጅ መስመር አለ። ታጥቧል፤ በደንብ ግን አልለቀቀም።

«ሙሐዲን፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀለም። የማኅተም ቀለም ይመስላል፤ ጣቢያ ያለን ዓይነት።»

«ጥጥ የሚፈትል ሰው ጣቱ ላይ ቀለም ይዞ ይውላል? ድሩን አያበላሽም?»

ሙሐዲን ወደ ቅርጫቱ ተመለከተ። ድሩ ነጭ ነበር፤ አንድ ነጠብጣብ የለበትም።

ሩታ ወጥታ ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን የከሰል ምድጃ ገለባበጠችው። ከሰሉ ግማሹ እንኳ አልነደደም። ከምድጃው እግር ላይ የሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል። ማድ ቤት ገባች፤ ባለ ሁለት ምጣድ የኤሌክትሪክ ስቶቭ፣ ንጹሕ ወለል። የከሰል ማዳበሪያ የለ፣ የከሰል ብናኝ የለ። ተመልሳ ፍራሹን ስታነሣ አንድ የተማሪ ደብተር አገኘች። ገጾቹ ከዳር እስከ ዳር ተንጋደው በተጻፉ ትልልቅ ፊደላት ተሞልተዋል። ከመጨረሻው አንድ ገጽ ተቀዷል።

«የሰፈር ልጅ ደብተር ይሆናል» አለ ሙሐዲን።

«ከፍራሽ ሥር የሚደበቅ የሰፈር ልጅ ደብተር?» አለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ሬሳው ለምርመራ ይሂድ። አንተ ደግሞ አንድ ሥራ አለህ። ይህን ከሰል የሸጠውን ሰው ፈልግልኝ።»

«በጉለሌ ከሰል የሚሸጥ ስንት ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ስትጨርስ ትነግረኛለህ።»

*

የሟቿ ልጆች ሁለት ናቸው። ታላቁ ጉልላት አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የአንድ የግል ድርጅት ንብረት ክፍል ኃላፊ። ጎረቤት ግቢ ውስጥ በተዘረጋው ድንኳን፣ ከባለቤቱ ከብርቅነሽ ጎን ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑ አብጧል። ወዲያው ተነሥቶ ወንበር ሰጣት።

«እናትዎን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ። በየሳምንቱ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ሰፈሩን ጠይቂ። ዘይት፣ ስኳር፣ የሚያስፈልጋትን ሁሉ አመጣለሁ።»

«ትናንትም ቅዳሜ ነበር።»

«ትናንት አልመጣሁም። ጎማዬ ተንፍሶ ጎሚስታ ቤት ዋልኩ። አንድ ቀን ብቀር ይሄ ሆነ!» አለና ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

«የሚኖሩት አያት ኮንዶሚኒየም ነው አይደል? መታወቂያዎ ግን እዚህ ነው።»

ጉልላት ፊቱን ገለጠ። «መታወቂያው በድሮ ቤቱ ያልሆነ ማን አለ? ወደ ሌላ ወረዳ የሚያዛውር መሸኛ ለማውጣት ስንት ቀን መመላለስ ነው። ያንቺስ?»

የሩታም መታወቂያ አዲሱ ገበያ፣ አባቷ ቤት ነው።

«ስለ ከሰሉ ምን ያውቃሉ?»

«እናቴ ጥቅምት ሲገባ ከሰል ከአጠገቧ አይለይም። ስንቴ ነገርኳት! ግን እኔ አሁን የማስበው ሌላ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቺ ደራርቱ የምትባለው ልጅ ከየት እንደመጣች አናውቅም። እናቴ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም፤ ያቀረቡላትን ወረቀት አምና አውራ ጣቷን የምታስቀምጥ ሴት ናት። ልጅቷ ምን እንዳስፈረመቻት ማን ያውቃል? ቤቱን ፈልጋ ነው።»

«አንተ ደግሞ፤ ያቺ ልጅ እኮ እትዬን ሐኪም ቤት የምታመላልስ ናት» አለች ብርቅነሽ ቀስ ብላ።

«አንቺ ዝም በይ!»

ታናሺቱ ሮሐ ድንኳኑ ውስጥ አልገባችም። አጥሩን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ቀጭን፣ ፊቷ የደረቀ፣ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት። የመድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ዊንጌት አካባቢ ተከራይታ ትኖራለች።

«መቼ አየሻቸው?»

«ዓመት ሆኖኛል።»

«ቀጨኔና ዊንጌት ዓመት አያስኬድም።»

«ተጣልተን ነበር። ስሜን ከቤቱ መዝገብ አስነሥቼ ደራርቱን ላስገባ አለችኝ። እምቢ አልኩ።»

«ለምን?»

«አከራዬ በእሱ ቤት ቁጥር መታወቂያ እንዳወጣ አይፈቅድም። ከዚህ ስሜ ከተነሣ አዲስ አበባ ውስጥ የለሁም ማለት ነው። ፓስፖርት የለ፣ ባንክ የለ። ልጅቷ ታሳዝናለች፤ እኔስ?»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ብቻዬን። ማንም አላየኝም።» ሮሐ አፏን አጣመመች። «ይመቻል አይደል?»

«ከእናትሽ ጋር በዓመት ውስጥ ምንም አልተገናኛችሁም? መልእክትም?»

«ምንም» አለች ሮሐ፤ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

*

ደራርቱ በጣቢያው ጠባብ ክፍል ነጭ ጋውኗን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ የአዋላጅ ነርስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ከአምቦ መጥታ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ዘንድ መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

«ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

«ተረኛ ነበርኩ፤ ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሑድ ጠዋት። ሦስት ሴቶች አዋልጃለሁ።»

«ከሆስፒታሉ እስከ ቀጨኔ በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው። ወጥታ ተመልሳለች ቢሉስ?»

«ሦስቱን እናቶች ይጠይቋቸው። ምጥ ላይ ያለች ሴት፣ አዋላጇ ትታት ስትሄድ ዝም የምትል ይመስልዎታል?»

ሩታ ሳቋን ዋጠች። «ስትመለሺ ምን አገኘሽ?»

«በሩ ገጥሟል፤ አልተቆለፈም። የመስኮቱ ክፍተት ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል። ምድጃው አልጋው ሥር። እማማ ቀዝቅዘዋል። ምድጃውን ማውጣት አልነበረብኝም፤ ግን ደንግጬ...»

«ከሰሉን ማን አቀጣጠለው?»

ደራርቱ ቀና አለች። «እኔም እሱን ነው የምለው! በዚያ ቤት ከሰል ከነደደ ዓመት አልፎታል። አንድ ቤተሰብ በሞላው በከሰል ታፍኖ ወደኛ ክፍል ሲመጣ አይቼ፣ እያለቀስኩ ነበር የገባሁት። በማግስቱ እማማ ስቶቭ ገዙ፤ ምድጃውን ከማድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ሰቀሉት። ለፖሊሶቹ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ዋስ አልጠየቅሽም?»

«ጠይቄ ነበር። ቋሚ አድራሻ የለሽም አሉኝ።» ጋውኑን ዘርግታ እንደገና አጠፈችው። «ሬሳ ሲገኝ ቤትሽ ነው አሉኝ፤ ዋስ ስጠይቅ ቤትሽ አይደለም። ሰባት ወር ነው የቀረኝ፣ ኢንስፔክተር። ክስ ከተመሠረተብኝ ትምህርት ቤቱ ያስወጣኛል። መመለሻ የለኝም።»

ሩታ ስለ ደብተሩ ልትጠይቃት አሰበችና ተወችው። መጀመሪያ ማን ምን እንደማያውቅ መለየት ፈለገች።

*

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ከሐኪሙ ተደወለላት። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ደም ውስጥ የከሰል ጭስ አልተገኘም። የላይኛው ከንፈራቸው ከውስጥ ተሰንጥቋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትራስ ወይም በዚያ በመሰለ ነገር ታፍነው ነው የሞቱት። ከሰሉ የተቀጣጠለው ለሬሳ ነው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ቀብራቸው በቀጨኔ መድኃኔዓለም ተፈጸመ። ማክሰኞ ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ ሁለት ቀን ብቻ ሰጠ፤ እስከ ሐሙስ ሌላ ማስረጃ ካልቀረበ በደራርቱ ላይ ያለው ማስረጃ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ጣቢያው ያለው ማስረጃ በቂ ነው የሚል አቋም ይዟል። ሩታ ከፍርድ ቤቱ በቀጥታ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደች።

የነዋሪዎች ምዝገባ ሠራተኛው ቶማስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚያኖር፣ ፋይል ከማንም በፊት የሚያገኝ ሰው ነው። «614?» አለና ሳይፈልግ አወጣው። «ይሄ ፋይል ራሴን ሲያዞረኝ ነው የከረመው። ይኸው ይዩት።»

ወረዳው በዚያ ወር ለየቤቱ ቅጽ በትኖ ነበር። የቤቱ ኃላፊ በቤቱ የሚኖረውን ሰው ስም አረጋግጦ፣ ፈርሞ እስከ ሰኞ ይመልሳል፤ ያልተረጋገጠ ስም ይሰረዛል። ከፋይሉ ውስጥ የ614 ቅጽ ነበር። የጉልላት ስም፣ ያላገባ። የሮሐ ስም፣ ያላገባች። የደራርቱ ስም የለም። ከግርጌው ወይን ጠጅ የአውራ ጣት አሻራ።

«ማን አመጣው?»

«አላየሁም። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስንከፍት በሩ ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ነበር። ቢሮ ተዘግቶም ስንት ሰው ይጥላል።»

«ምኑ ነው ራስዎን ያዞረው?»

ቶማስ ሁለተኛ ወረቀት አወጣ። «ይሄ። አርብ ራሳቸው መጥተው የሰጡኝ ማመልከቻ ነው። ሁለቱ ልጆቼ ወጥተው በየቤታቸው ስለሚኖሩ ስማቸው ይነሣልኝ፤ አብራኝ የምትኖረው ደራርቱ ትመዝገብልኝ ይላል። ከዚያ በሦስት ቀኑ የዚህ ተቃራኒ!»

ሩታ ማመልከቻውን አንሥታ ግርጌውን አየች። አሻራ አልነበረበትም። በትልልቅና በተንጋደዱ ፊደላት «የዓለምወርቅ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«ራሳቸው ናቸዋ!» ቶማስ ፈገግ አለ። «በፊት ሁሌ በአሻራ ነበር የሚፈርሙት። አርብ ቀለሙን ሳቀርብላቸው 'አንሣልኝ፣ እጽፋለሁ' አሉኝ። ሰባት ፊደል ነው፤ አምስት ደቂቃ ፈጀባቸው። ሰልፉ ሁሉ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር፤ አንዱ ቀና ብሎ አየና 'ዝም በሉ፣ እየጻፉ ነው' አለ። ሲጨርሱ ያጨበጨበላቸውም ነበር። ልጆቼ እንዳይሰሙ አሉኝ፤ ራሴ ላሳያቸው ነው የምፈልገው ብለው።»

«አንድ የመጨረሻ ነገር። ከዚህ ቤት በቅርቡ ማስረጃ የጠየቀ ሰው አለ?»

ቶማስ ከነገራት በኋላ ሩታ ወደ ጣቢያ ተመለሰች፤ ደራርቱን ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት፤ መልሱን ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ወጣች።

የወረዳውን ነገር በስልክ የነገረችው ሙሐዲን በር ላይ ጠበቃት። «ሮሐ ናት አይደል? ዓመት ሙሉ ያንን ቤት አልረገጠችም፤ እናቷ መጻፍ መማሯን በምን ታውቃለች? ሌላኛውማ በየሳምንቱ ይመጣል።»

«መምጣትማ ይመጣል» አለች ሩታ። «ከሰል ሻጩን አገኘኸው?»

«ሃያ ሁለት ናቸው፤ ንገረኝ ብለሽኝ ስለነበር ነው። አሥራ ሰባተኛዋ ላይ አገኘሁ።»

*

ረቡዕ የሠልስቱ ዕለት ነበር። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሰዉ ሲበተን ሩታ ጥቂት ሰዎች እንዲቀሩ አዘዘች። ሁሉም በወይዘሮ የዓለምወርቅ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ተቀመጡ፤ ጉልላትና ብርቅነሽ አግዳሚው ላይ፣ ቶማስ በርጩማ ላይ፣ ሮሐ በሩ አጠገብ ቆማ። ደራርቱ በሁለት ፖሊሶች መካከል ገባች። ከሁሉ በኋላ ሙሐዲን ጥቁር ሻሽ ያሰሩ አንዲት ጎልማሳ ሴት ይዞ መጣና ጥግ ላይ አስቀመጣቸው።

«ይቺን እዚህ ማምጣት ምን ይባላል?» አለ ጉልላት ደራርቱን እያየ። «የእናቴ አልጋ እንኳ አልተነሣም!»

«የምትኖረው እዚህ ነው» አለች ሩታ። «በአጭሩ እናገራለሁ፤ አታቋርጡኝ። ወይዘሮ የዓለምወርቅን የገደላቸው ከሰል አይደለም። መጀመሪያ ታፈኑ፤ ከሞቱ በኋላ ከሰል ተቀጣጠለ። ይህን ሐኪሙ አረጋግጧል። አሁን የሚቀረው፣ ማን ነው የሚለው ነው። ገዳዩ ሁለት ነገር ሠራ። ምድጃውን አውርዶ ከሰል አነደደ። ከዚያ በፊት ወይም በኋላ የሟቿን አውራ ጣት ቀለም ነክሮ በዚህ ቅጽ ላይ አሳረፈ፤ ጣቱንም ጠረገ። በደንብ ግን አልጠረገም።»

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ደራርቱ ብትሆን፣ ስሟ የሌለበትን ቅጽ ለምን ታዘጋጃለች? ይህ ቅጽ የሚጠቅመው ሁለት ሰው ብቻ ነው።»

ሮሐ እጇን አጣጥፋ «ጨርሺው» አለች።

«ከሰሉን እንመልከት። በዚህ ቤት ከሰል ከቆመ ዓመት አልፏል። አብሮ የሚኖር ሰው በከሰል አስመስሎ አይገድልም፤ ማንም አያምነውማ። ገዳዩ የሚያውቀው የድሮውን ቤት ነው። አሻራውም እንደዚሁ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ከመጋቢት ጀምሮ ከደራርቱ ፊደል እየተማሩ ነበር። አርብ በወረዳው ፊት ስማቸውን በእጃቸው ጽፈዋል። ሰልፉ በሙሉ ምስክር ነው።» ማመልከቻውን ከቅጹ አጠገብ አኖረች።

ጉልላት ፊቱ ተለወጠ፤ ወዲያው መለሰው። «እናቴ? ፊደል?» አለና ወደ እኅቱ ዞረ። «እኔ በየሳምንቱ እየመጣሁ ካልሰማሁ፣ ዓመት ሙሉ ያልመጣችው በምን ታውቃለች? እሷን ጠይቂያት!»

«እሺ፣ ልጠይቃት።» ሩታ ከቦርሳዋ ደብተሩን አወጣች። «ከዚህ አንድ ገጽ ተቀዷል። ከሥሩ ባለው ገጽ ላይ ግን የብዕሩ ጫና ቀርቷል፤ ወደ ብርሃን ስታዞሩት 'ይድረስ ለልጄ ለሮሐ' ይላል። ሮሐ፣ እሑድ ዕለት ምንም መልእክት አልደረሰኝም ብለሽኛል።»

ሮሐ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች፤ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ከሦስት ሳምንት በፊት ደራርቱ መድኃኒት ቤቱ ድረስ አምጥታ ሰጠችኝ» አለች። «'እኔ ራሴ ጻፍኩት፤ ማንም አልጻፈልኝም፤ ነይ' ይላል። አልሄድኩም። በሚቀጥለው እሑድ፣ በሚቀጥለው እሑድ እያልኩ... ተቀበልኩ ብል፣ ለምን አልመጣሽም ልትዪኝ ነው። መልስ አልነበረኝም።»

«ሮሐ እናቷ መጻፍ እንደሚችሉ ታውቃለች» አለች ሩታ። «ለማጭበርበር ብታስብ ስማቸውን አስመስላ ትጽፋለች እንጂ አሻራ አትወስድም። አሻራ የሚወስደው፣ እናቱ አሁንም ጣት ብቻ ያላት የሚመስለው ሰው ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ዘይትና ስኳር አምጥቶ በር ላይ ቆሞ የሚመለስ። ምድጃውን ሲያወርድ እንኳ ስቶቩን ልብ ያላለ። እሑድ ዕለት 'እናቴ ጥቅምት ሲገባ ከሰል ከአጠገቧ አይለይም፤ አውራ ጣቷን የምታስቀምጥ ሴት ናት' ብሎ የነገረኝ።»

«ይሄ ግምት ነው!» ጉልላት ተነሣ። «ጎሚስታ ቤት ነበርኩ ብዬሻለሁ!»

«እስከ አምስት ሰዓት» አለ ሙሐዲን ከበሩ። «ጎሚስታው አንድ ጎማ ሲለጥፍ ቀኑን ሙሉ አይፈጅም። ስድብ መሰለው ስጠይቀው።»

ሩታ ወደ ጥጉ ዞረች። «ወይዘሮ ደሳለች፣ ቅዳሜ ያዩትን ይንገሩን።»

ጥቁር ሻሽ ያሰሩት ሴት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ከላይ መታጠፊያው ላይ ከሰል እሸጣለሁ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሄ ልጅ መጥቶ የአንድ ፌስታል ከሰል ገዛኝ። 'እናቴን በረዳት' አለኝ። ገረመኝ። የዓለምወርቅ ከሰል ከተወች ዓመቷ ነው፤ ደንበኛዬ ስለነበረች ተቀይሜያትም ነበር። ግን ልጅ ለእናቱ ሲያስብ ምን ይባላል? ጨመርኩለት።»

ጉልላት ወደ በሩ አየ።

«ለምን ይሄ ሁሉ?» አለች ብርቅነሽ። ከሁሉም ያነሰ ድምፅ ነበራት። «መታወቂያ ለማሳደስ?»

ሩታ ወደ ቶማስ አየች። ቶማስ መነጽሩን አወረደ። «ከሦስት ሳምንት በፊት አቶ ጉልላት ያላገባ ማስረጃ እፈልጋለሁ ብለው መጥተው ነበር። የቤቱ ኃላፊ ያረጋገጡት ቅጽ ሲመለስ ይሰጥዎታል አልኳቸው። ፋይላቸው ያላገባ ነው የሚለው፤ ከጋብቻቸው በፊት የተሞላ ነው፤ አልታደሰም።»

«ያላገባ ማስረጃ የሚጠይቀው ቤት የሚሸጥ ሰው ነው» አለች ሩታ። «ያገባ ሰው ያለ ሚስቱ ፊርማ መሸጥ አይችልም። ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ ኮንዶሚኒየሙ በማን ስም ነው?»

«በእሱ ስም» አለች ብርቅነሽ። ከዚያ ጥጉ ላይ ያለውን ቅርጫት አየች። «የሠርጌን ቀሚስ ጥጥ የፈተለችው እሷ ናት» አለች። «ስድስት ወር ፈጅቶባታል። አንተ ደግሞ አላገባም ብላ እንድትፈርምልህ መጣህ?»

«አንድ ጣት ነው የጠየቅኋት!» ጉልላት ጮኸ። «አንድ ጣት! ልጇ ነኝ! 'ሠርግህ ላይ እልል ብዬ አሁን አላገባም አልልም፤ ስምህንም ከቤቴ አንሣ' አለችኝ። ገዢው እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነበር የሚጠብቀኝ... ዝም እንድትል ነበር። ዝም እንድትል ብቻ።»

ሙሐዲን ካቴናውን አወጣ። ጉልላት በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ጠረጴዛው ዞሮ የእናቱን ማመልከቻ አየ፤ ሰባቱን ፊደል ማንበብ እንደተሳነው ሰው አፈጠጠባቸው። ከዚያ ሙሐዲን ይዞት ወጣ። ብርቅነሽ በሌላ አቅጣጫ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ ሄደች።

ፖሊሶቹ ደራርቱን ለቀቋት። ልጅቷ የት እንደምትቀመጥ የጠፋት መሰለች፤ በመጨረሻ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የአርቡ ማመልከቻ ምን ይሆናል?» አለች ሮሐ ቶማስን።

«ገቢ ሆኗል፤ ማኅተም አለበት። በሕይወት እያሉ የሰጡት ነው። ልጅቷ ትመዘገባለች።» ቶማስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ መለሰ። «እርስዎ መቃወም ይችላሉ። አሥር ቀን አለዎት።»

ደራርቱ ቀና ብላ ሮሐን አየቻት።

ሮሐ ቦርሳዋን ከፈተች። የቤቱን የድሮ ቁልፍ አወጣች፤ ያለ አገልግሎት ዓመት ሙሉ የያዘችው ነው። ጠረጴዛው ላይ፣ ከደብተሩ አጠገብ አስቀመጠችው።

«መሸኛ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሦስት ቀን። ወዴት ተብሎ ይጻፍ?»

ሮሐ አሰበች። አከራይዋ ትዝ አላት፤ የግቢው በር፣ የውል ወረቀቱ፣ «መታወቂያ የሚባል ነገር እንዳትጠይቂኝ» ያላት ቀን።

«እሱን ገና አላውቅም» አለች። «አንተ መጻፍ ጀምር።»

ወጣች፤ በሩንም ከውጭ ዘጋችው።